ጫማ ከተሰቀለ በኋላ፦ ይድነቃቸው ተሰማና የአራዳው ዝና

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ስፖርተኛ ዝና ነው፤ እንዴት እንደሚገኝ፣ በተለይ ደግሞ ባለዝናው መጫወት ካቆመ በኋላ ምን እንደሚያደርግበት። ባለታሪካችን የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ወደ እሳቸው ከመሄዳችን በፊት ግን ስዊድን ደረስ ብለን እንመለስ።

የቴኒስ ወዳጆች ብዮርን ቦርግን ታስታውሱታላችሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ስቶክሆልም ተወለደ። አባቱ በጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር የተሸለሙትን ራኬት ሰጡት፤ ነገሩ የተጀመረው በዚያ ነው። በ1974 ገና 18 ዓመት እንደሞላው የፈረንሳይን ሻምፒዮና አሸነፈ፣ ያንኑ ዋንጫ በድምሩ 6 ጊዜ ወሰደ። ዊምብልደንን ደግሞ ከ1976 እስከ 1980 በተከታታይ 5 ጊዜ። ሜዳ ላይ ፊቱ አይለዋወጥም፤ ነጥብ ቢያገኝም ቢያጣም ያው ነው። ለንደን ውስጥ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች እየጮሁ ስለሚከተሉት ወደ ሜዳ የሚገባው በፖሊስ ታጅቦ ነበር። በ1980ው ፍጻሜ ከአሜሪካዊው ጆን ማከንሮ ጋር ሲጫወት አራተኛው ዙር በታይብሬክ፣ በመለያ ነጥቦች ማለት ነው፣ 18 ለ16 ያለቀበትን ትንቅንቅ ዓለም በቴሌቪዥን ቁጭ ብሎ አይቷል። ቦርግ ያንን ታይብሬክ ቢሸነፍም ዋንጫውን ግን ወሰደ። ከዚያስ? በ1983 መጀመሪያ ላይ፣ በ26 ዓመቱ፣ በቃኝ አለ። ሰለቸው። በ1991 ሞንቴ ካርሎ ላይ ልመለስ ብሎ ሲሞክር ሌላው ሁሉ አዲሱን ቀላል ራኬት ይዞ፣ እሱ የድሮውን የእንጨት ራኬት ይዞ ገባ፤ በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸኘ።

የቦርግ ዝና የቴሌቪዥን ዝና ነው። ካሜራው ፊቱን አቅርቦ ባያሳይ ኖሮ ያ ዝምታው ማንን ያስጨንቅ ነበር? እኛ አገር ቴሌቪዥን የጀመረው በ1957 ዓመተ ምሕረት ነው። ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተው ጫማቸውን የሰቀሉት ደግሞ በ1950። በእነዚያ ዓመታት አንድም ኢትዮጵያዊ እቤቱ ተቀምጦ አላያቸውም ማለት ነው። ማየት የፈለገ በእግሩ ሄዶ፣ ከሜዳው ዳር ቆሞ፣ ፀሐይና አቧራውን ችሎ ነው። ያልሄደው ከሄደው አፍ ሰማ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የአውሮፓውን ስጠራ እነግራችኋለሁ።

በ1928 አራዳ የከተማው እምብርት ነበር። ስምንት ማዕዘን ያለው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከፊቱ ፈረስ ላይ የተቀመጡት የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት፣ ገበያው፣ የግሪኩና የአርመኑ ሱቅ፣ ወረድ ብሎ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል። ዛሬ የዓድዋ ድል መታሰቢያ የቆመበት አካባቢ ነው። በዚያው ዓመት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ሁለት የሰፈሩ ወጣቶች፣ አንዱ ኢትዮጵያዊ አንዱ ግሪካዊ፣ የኳስ ቡድን አቋቋሙ። ስሙን ከደብሩ ወሰዱ። ደጋፊው ዛሬም ሳንጆርጅ እያለ የሚጠራው ክለብ የተወለደው እንዲህ ነው።

ይድነቃቸው ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ናቸው። የተወለዱት ጅማ ነው፣ መስከረም 1 ቀን 1914፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት። አባታቸውን ብዙዎቻችሁ በሌላ ሙያ ታውቋቸዋላችሁ፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ጀርመን ልከዋቸው በርሊን ላይ ድምፃቸው በሸክላ የተቀረጸው፣ በሸክላ ታሪካችን ቀዳሚው ድምፃዊ። በግጥማቸውና በንግግር ለዛቸው እስከ ዛሬ የሚጠቀሱ ሰው ናቸው። ልጃቸው መሰንቆ አላነሱም፤ አንደበቱን ግን የወረሱ ይመስለኛል፣ ኋላ በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ያደረጉትን ስታዩ ትስማማላችሁ። ትምህርታቸውን የተከታተሉት በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ይሰጥ ነበር። ኳስ ተጫዋች ፈረንሳይኛ ምን ያደርግለታል የሚል ካለ፣ ጥቂት ይታገሰን።

ክለቡ ዓመት ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት የካቲት 12 በፋሺስቱ ሹም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ከተማው ላይ የወረደውን መዓት ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ጭፍጨፋ የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም እሳት ተለቆበታል። የምኒልክ ሐውልት ከቦታው ተነቀለ። ገበያው ከአራዳ ተነስቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ተገፋ። የኳሱም ነገር ከዚህ አላመለጠም። ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይገጥም ተከለከለ፤ የአገሬው ቡድን ከአገሬው ጋር ብቻ እንዲጫወት ሆነ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ተፍቆ ቡድኑ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ፤ ግማሹ የፋሺስቶቹ፣ ግማሹ የሰፈሩ። ከፒያሳ ጀርባ ያለችው ደጃች ውቤ ሰፈር በጠጅ ቤቶቿና በሌሊት ጨዋታዋ ከመታወቋ በፊት የተከለከለ ቡድን ስም ተሸካሚ ነበረች። በልጅነቱ በቆዳው ቀለም ምክንያት ከሜዳ የተለየ ሰው ነገሩን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም፤ ይድነቃቸውም አልረሱትም።

ነፃነት በ1933 ተመለሰ። በ1935 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ገና 21 ነው። ቀን ፌዴሬሽን፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ። በ1936 የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ የገቡት አምስት ቡድኖች ነበሩ። የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ እና ቅዱስ ጊዮርጊስ። እስቲ ይህን ዝርዝር ልብ በሉት። ከአምስቱ አራቱ የውጭ ሰዎች ናቸው። ባለአገሩ አንድ ቡድን ብቻ ነው ያለው፣ ያውም ከሦስት ዓመት በፊት ከጣሊያን ጋር መጫወት ተከልክሎ የነበረ ቡድን። አሁን ጣሊያኖቹን በሕጋዊ ውድድር፣ በእኩል አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ይገጥማል።

ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ዋንጫ ለማግኘት እስከ 1942 ጠብቋል። የሕዝቡ ፍቅር ግን ዋንጫውን አልጠበቀም። ተጫዋቾቹ ሕዝቡ የሚያውቃቸው ልጆች ነበሩ፤ ቅዳሜ ሜዳ ላይ የታየው አጥቂ እሑድ ጠዋት ከደብሩ ሲወጣ፣ ማታ ሲኒማ በር ላይ ሲሰለፍ ይታያል። ጎሉ እንዴት እንደገባ የሚተረከው በፀጉር አስተካካዩ ወንበር፣ በሻይ ቤቱ፣ በጠጅ ቤቱ ነው፤ በየአፉ በዞረ ቁጥር ደግሞ ምቱ እየራቀ፣ በረኛው እየረዘመ ይሄዳል። ፒያሳ አድጎ የኋላ ኋላ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት አማካሪ እስከመሆን የደረሰው የስፖርት ጋዜጠኛ ፍቅሩ ኪዳኔ ትዝታውን ጽፎ የመጽሐፉን ስም «የፒያሳ ልጅ» ያለው ያለምክንያት አይመስለኝም። ያ ሰፈር ለልጆቹ መታወቂያ ወረቀት ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ለአንድ ክለብ 23 ዓመት መጫወት ሲባል ዛሬ ጆሯችን የሚሰማው ስለ ታማኝነት የሚነገር ተረት ነው። ማጋነን አያስፈልግም። በዚያን ጊዜ የተጫዋች ገበያ የለም፣ የዝውውር ገንዘብ የለም፣ ተጫዋቹ የሚኖረው ከሌላ ሥራው በሚያገኘው ደመወዝ ነው። የሚሄድበት ሌላ ቤት ስላልነበረው የቆየም ይኖራል። የይድነቃቸውን የሚለየው በእነዚያ ዓመታት ከጨዋታው ጎን ለጎን የገነቡት ነገር ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የካቲት 1957፣ በእኛ የካቲት 1949፣ ካርቱም ላይ የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን መሠረቱ። የኢትዮጵያ ወኪል ሆነው ከተገኙት አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ መጫወት ገና አላቆሙም፤ የሰፈር ክለብ ተጫዋች ሆነው የአህጉር ድርጅት መሥራች ሆኑ። በዚያው ወር የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተደረገ። ደቡብ አፍሪካ ኢትዮጵያን መግጠም ነበረባት፣ የምትልከው ግን ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ ነው አለች። እንግዲያውስ አትመጪም ተባለች። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4 ለ0 ረታችን፣ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። ስለ ጨዋታው ብዙ የሚወራ የለም። ስለ ውሳኔው ግን ብዙ አለ። ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር በሚል ስም የተጫወተ ሰው እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ነበርና።

አሁን ወደ 1954 እንምጣ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ናቸው። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ2 አሸነፍን። ፍጻሜው ጥር 13 ቀን ሆነ። ቀኑን አስቡት፤ ጥምቀት ዓርብ ውሎ፣ ቅዳሜ ቃና ዘገሊላ፣ ጨዋታው እሑድ ነው። ከተማው ከጃንሜዳ የተመለሰበትን ነጭ ልብስ ገና አላጠበም።

ግብፅ፣ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባላለች፣ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ናት። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አገባብን። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ስታዲየሙ ታፍኖ ቆየ። በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሆንን። ደስታው አንድ ደቂቃ አልቆየም፤ በ75ኛው ያው ባዳዊ ደገመን። እንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰበር ቡድን ብዙ ነው። የእኛዎቹ በ84ኛው ደቂቃ እንደገና አቻ አደረጉ፣ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ 3 ደቂቃ ሲቀረው የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። 4 ለ2። ዋንጫውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሰጡ። ሉቺያኖና ኢታሎ ወንድማማቾች ናቸው፣ እናታቸው ኤርትራዊት፣ አባታቸው ጣሊያናዊ። ከ20 ዓመት በፊት ጣሊያንና ኢትዮጵያዊ በአንድ ሜዳ አይጫወትም የተባለበት ከተማ ውስጥ የኢትዮጵያን ዋንጫ የተቀበለው አምበል ቫሳሎ ይባላል። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ የአፍሪካን ዋንጫ አላገኘችም።

ብዙ ስፖርተኛ እዚህ ላይ ያበቃል። ተጫውቷል፣ አሠልጥኗል፣ ዋንጫ በልቷል፤ የቀረው ዕድሜ ስለ ጥር 13 እየተጠየቁ መኖር ነው። ይድነቃቸው ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ጊዜ ያሳለፉት በአብዛኛው ካልሲ ሳይሆን ክራባት አድርገው ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ጨዋታቸውም ያ ነው።

ለምሳሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1966ቱን የዓለም ዋንጫ ውሰዱ። ፊፋ 16 ቦታ ሲያከፋፍል ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽኒያ በጋራ አንድ ቦታ ሰጠ። ሦስት ክፍለ ዓለም ለአንዲት ወንበር ይጋፋል ማለት ነው። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህ የማይሆን ነው ብለው ተነሱ፤ የአፍሪካ አገሮችም አንጫወትም አሉ። እንግሊዝ ላይ የተደረገው የዓለም ዋንጫ አንድም የአፍሪካ ቡድን አላየም። ማስፈራሪያው ሠራ። ከ1970 ጀምሮ ለአፍሪካ የራሷ የሆነ አንድ ቦታ ተሰጠ፣ ሞሮኮ ሄደች። በ1982 ሁለት ሆነ፣ አልጄሪያና ካሜሩን ሄዱ። ዛሬ የአፍሪካ ቡድኖች በዓለም ዋንጫ ሲሰለፉ በሩን ማን እንደገፋው የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይድነቃቸው በእኛ አቆጣጠር ከ1964 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ሆነው ሠርተዋል። ካፍ ውስጥ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ለብቻ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ለብቻ ሲቀመጥ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ እዚህ ላይ መጣ፤ ከሁለቱም ወገን ያለ አስተርጓሚ ይነጋገሩ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ እንዳይረሳ በየጉባኤው ያነሱታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ፍራንክፈርት ላይ የፊፋ ፕሬዚዳንትነት ምርጫ ሲደረግ ለነጮቹ ደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን ያዘነበሉት እንግሊዛዊው ስታንሊ ራውስ በብራዚላዊው ጆአዎ ሃቨላንዥ የተሸነፉት በአፍሪካ ድምፅ ጭምር ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1976 ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች።

ሁሉም ውሳኔያቸው ግን ጊዜ የሚያጸድቀው አይደለም። ለዓመታት በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር ከውጭ ክለብ ማሰለፍ የምትችለው 2 ተጫዋች ብቻ እንዲሆን የሚያዝ ደንብ ነበር፤ ይድነቃቸው ከደጋፊዎቹ አንዱ ናቸው። ሐሳቡ ተጫዋቹ እንዳይፈልስ፣ የአገር ውስጡ ኳስ እንዲያድግ ነው። ሐሳቡን እረዳለሁ፤ ደመወዝ በማይከፈልበት ዘመን፣ ለሰፈሩ የተጫወተ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይገርምም። ነገር ግን ልጆቹን በኳስ ማሳደር የሚፈልግ የድሃ ልጅ ዳካር ወይም ያውንዴ ላይ ተቀምጦ ይህን ሕግ ሲሰማ ምን ይል እንደነበር መገመት አያዳግትም። የንግድ ድርጅቶች ገንዘብ ወደ ስፖርቱ ሲገባም ይድነቃቸው በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት። በዚህ በኩል ዘመኑ ጥሏቸው አልፏል፤ ደንቡ በእሳቸው ዕድሜ ተነሳ፣ ገንዘቡም ገባ።

ይድነቃቸው ተሰማ ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ነው፤ የቡሄ ዕለት። በእንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ ማረፋቸው፣ ሁለቱም ልጆች በየደጁ እየዞሩ የሚዘፍኑበት ቀን መሆኑ፣ ለነጋድራስ ተሰማ ልጅ የሚገባ አጋጣሚ ነው።

ቦርግን ላስታውሳችሁ። ቦርግ ሲሄድ ማትስ ቪላንደርና ስቴፋን ኤድበርግ ነበሩለት፤ የእሱን ጨዋታ በቴሌቪዥን እያዩ ያደጉ የስዊድን ልጆች ዋንጫውን ተረከቡ። የእኛው ሰው ዝና ግን በሸክላም በፊልምም ብዙ አልተያዘም። ስማቸውን የምናውቀው በካፍ ወንበራቸው ነው፤ ኳስ ሲመቱ ምን እንደሚመስሉ፣ በየትኛው እግር፣ በየትኛው ጎን እንደሚጫወቱ የሚነግረን ሰው እያለቀ ነው። አባታቸው በርሊን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ሳለ ልጃቸው ሜዳ ላይ ያደረጉት በአፍ ብቻ መቅረቱ ያስቆጫል።

ደቡብ አፍሪካ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992፣ ወደ ኳሱ ዓለም ተመለሰች። በ1996 የአፍሪካ ዋንጫን በአገሯ አዘጋጅታ፣ ነጩም ጥቁሩም በአንድ ማሊያ ተሰልፎ፣ ዋንጫውን እዚያው አስቀረች። ይድነቃቸው ይህን አላዩም፤ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላቸው ነበር።

አድማጮቻችን፣ ከመለያየታችን በፊት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1950 አሥር ዓመት የሞላው የአራዳ ልጅ ዛሬ ሰማንያውን ሊደፍን ነው። ፒያሳ፣ ደጃች ውቤ፣ ሰራተኛ ሰፈር ወይም አራት ኪሎ ያደጉ አባት በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ካሉ፣ ቡና አፍልታችሁ ጠይቋቸው። ይድነቃቸውን ሜዳ ላይ አይተዋቸው እንደሆነ፣ ከማን ጋር ሲጫወቱ፣ በየት በኩል ገብተው እንደተመለከቱ፣ መግቢያ ከፍለው ይሁን በአጥር ሾልከው። ስልካችሁን አብርታችሁ ድምፃቸውን ቅረጹት፤ የተቀረጸበትን ቀንና ሰፈሩን መጀመሪያ ላይ መናገር አትርሱ።